ከክፍሉ በር የመጡ ለቅሶ ደራሾች

ቀልዴ ሰው ስላሳቀ አለቀስኩ ብል ማንም አያምነኝም። በርበሬ በረንዳ የሚያውቀኝ ሁሉ ይስቅብኛል። እኔ እኮ ሬሳ ቀስቅሼ የማስቅ ሰው ነኝ፣ ጉራ አይደለም።

የያዙኝም ለዚሁ ነው። ሱቄ ውስጥ በርበሬ እየመዘንኩ ስለ ባለሥልጣኖች አንድ ነገር ጣል አደረግኩ። ደንበኞቼ ሳቁ፤ ከሳቁት አንዱ መታወቂያ አወጣ። ከሰዓት በኋላ እዚያው አዲስ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ፣ ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ የሚሸት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ሚስቴ ምሳ ስታመጣ ወሬም ታመጣለች። ሱቁ ታሸገ አለችኝ። "ጥሩ ነው፣ በርበሬው አይነፍስበትም" አልኳት። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ልጃችንን ለማጨት ሽማግሌ የላኩት ሰዎች መታሰሬን ሰምተው ቀሩ አለችኝ። ድግሱ ተረፈልን ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። እናትህ ታመዋል ስትለኝ ግን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ምሳ ዕቃውን ተቀበልኳት።

ከዚያ አንድ ቀን ምሳውን ጎረቤት አመጣው። ሚስትህን ጉንፋን ይዟታል አለኝ፣ ዓይኔን ሳያየኝ።

ማታ ላይ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የሰለቹትን አንድ የቆየ ቀልድ አወራሁ። ሳቁ። ሌላ ጨመርኩ፣ እሱም ለዛ የለው፤ ከበፊቱ ይበልጥ ሳቁ። ጨርቅ የሚነግዱ አንድ የወሎ ሽማግሌ አብረውን ታስረው ነበር። ለእኔ ቀልድ አንድም ቀን ጥርሳቸውን አሳይተው አያውቁም፤ እሳቸውም ሳቁ። ቀልደኛ ሰው የምጽዋት ሳቅ ሲሰማ ያውቃል። እንባዬ መጣ።

"ጋሼ፣ ምን ደብቃችሁኝ ነው?"

"ለጠዋት አቆይተንልህ ነበር፣ ልጄ። መርዶ እኮ በጠዋት ነው የሚነገረው። እናትህን ዛሬ ቀበሯቸው።" ወሬውን ከገበያ ሰምቶ ያመጣላቸው፣ ሽማግሌውን ሊጠይቅ የመጣ ልጃቸው ነበር።

እናቴን ብዬ ለቅሶ ጀመርኩ። መሃል ላይ ሱቄን፣ የልጄን የቀረ ሠርግ፣ የሚስቴን የከሳ ፊት ሁሉ አለቅስ ነበር። አንዴ አብሮ የተፈጨ ቅመም ማን ይለየዋል?

ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው ጥግ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ፣ ብረቱን ነክተው ዞሩና ልክ ከውጭ እንደመጣ እንግዳ ወደ እኔ ተመለሱ።

"አላህ ያጽናህ።"

ሌሎቹም ተነስተው በሩ ጋ ተሰለፉ፤ ተራ በተራ እየመጡ እግዜር ያጽናህ አሉኝ። ጩኸቱን ሊያስቆም የመጣው ፖሊስ በበሩ ትንሽ መስኮት አየን፣ ቆቡን አወለቀ፣ እሱም እግዜር ያጽናህ ብሎኝ ሄደ።

ከተፈታሁ ቆየሁ። ሱቁ ተከፍቷል፣ ልጄም ሌላ አግብታለች። ዘመዶቼ ለእናትህ ድንኳን ጣል ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ ለቅሶዬን ተቀምጫለሁ አልኳቸው። ቀብሯ ላይ አልቆምኩም፣ አፈር አላለበስኳትም፤ ይሄ እስክሞት ይቆጨኛል። ግን ለእናቱ ሳያለቅስ ቀረ ብሎ የሚያማኝ ሰው መሳለሚያ ይሂድ፣ ሽማግሌው ዛሬም ጨርቅ ይሸጣሉ። እሳቸውን ካላመነ በአብነት መስመር ሚኒባስ የሚነዳ አንድ አብሮን የታሰረ ልጅ አለ፣ እሱን ይጠይቅ። በሩ ጋ ቆሞ ተራውን የጠበቀ ነው።