አንድ መስመር ብቻ ያነበብኩት ወረቀት

ጥፋተኛው መላኩ ነው። የወረዳው ባለሙያ፣ ሲያወራ ሰው የማይጠግበው መላኩ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ላይ እኔም ዘንድ የሚመጣ ነገር አለና።

ትናንት ረፋድ ላይ ቀበሌው አዳራሽ ጠሩን። ሐይቁ ዳር አትክልት እናለማ የነበርን ሴቶችን በሙሉ... ግድግዳው ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ስለሆነ፣ ያየሁትን ጽሑፍ ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። «ሰውን ያማከለ አመራር፣ ፈጠራና ዘላቂነት» ይላል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ፋጤ «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ሰው መሀል ላይ ነው ይላል።»

«የቱ ሰው?»

«እሱን አልጻፉትም።»

ፋጤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሐይቁ ዳር ካለችው ቁራሽ መሬት በቀር ሌላ አልነበራትም። ሽንኩርትና ቃሪያ ታበቅልባት ነበር። መሬቷ ስትወሰድ ልጇ ሀያት ትምህርቷን ጥላ ዓረብ አገር ሄደች። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ነገሩ የተጀመረው ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ነው። ሐይቁ በደለል እየተሞላ ነው፣ ዳር ዳሩ ታጥሮ ችግኝ ይተከልበት ተባለ። መላኩ ባለ ቀለም ወረቀት ይዞ መጣና «ዛሬ እኔ አላወራም፣ የምታወሩት እናንተ ናችሁ» አለን። እሰይ አልን። እንዲህ ብሎን የሚያውቅ የለማ!

እኛም ነገርነው። ደለሉ የሚመጣው ከተራራው በቦዩ በኩል ነው፤ ከሽንኩርት መደባችን አይደለም። ቦዩን እኛው በድንጋይ እንክተረው፣ የሐይቁን አፋፍ ሣር እንትከልበት፣ መሬታችን ግን አይነካ። መላኩ ቃል በቃል እየጻፈ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። «ፈጠራ ማለት ይኼ ነው!» አለ።

ሲያልቅ ወረቀት አዞረ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«የተገኛችሁበት ነው እማማ ዘሃራ፣ አብሽሪ። ፊደል ቆጥረሽ የለ? በይ አንብቢልን!»

ተነሥቼ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሴቶች በዛሬው ዕለት በስብሰባው ተገኝተን...» ከዚህ ሳላልፍ አጨበጨቡልኝ። እልልታው ቀለጠ። በዕድሜዬ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ከሥሩ ገና ብዙ ጽሑፍ እንዳለ አይቻለሁ። ግን የማነበው ቀስ እያልኩ ነው... ያን ሁሉ ሰው ማስጠበቅ አሳፈረኝ።

ፋጤ ጣቷን ቀለም እየተቀባች «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ተገኝታችኋል ነው የሚለው» አልኳት።

እኔ በእስክሪብቶ ፈረምኩ፣ እሷ በጣቷ። ሌሎቹም ተከተሉን።

ወር ሳይሞላ መሬታችን ታጠረ። የተተከለው ችግኝ በበጋው ደረቀ። በጦርነቱ ጊዜ የአጥሩ እንጨት ማገዶ ሆነ፣ እኛም ተመልሰን ገብተን ጎመን ዘራን። መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት በዚያ ጊዜ እኛንም፣ ቤታችን የተጠጉትን ተፈናቃዮችም ያቆየን ያ ጎመን ነው። ጦርነቱ አለፈ፣ አጥሩ ተመለሰ። ጠዋት ማታ መላኩን ስንረግም ኖርን። እኔ ከሁሉም አብልጬ።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። መላኩ የሐይቁን ሥራ ሊያዩ የመጡ ሁለት እንግዶች ይዟል፤ አንዷ ሴት ናት። «ይቺ እናታችን ፊደል የቆጠረችው በእርጅናዋ ነው። ማኅበረሰቡ በራሱ ፈቃድ እንዴት እንደወሰነ እሷው ታነብላችኋለች» ብሎ ያንኑ የድሮውን ወረቀት ሰጠኝ።

የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበብኩ ማጨብጨብ ጀመረ። እንግዶቹም ተከተሉት። ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩና ቀጠልኩ።

«...ለሐይቁ... ዘላቂነት ሲባል... በይዞታችን ሥር ያለውን መሬት... ያለ ማንም... አስገዳጅነት...»

«ይበቃል እማማ፣ እንግዶቹ ይቸኩላሉ።»

«አብሽር ልጄ፣ ደርሻለሁ። ...ያለ ምትክ... ለመልቀቅ... መስማማታችንን... በፊርማችን እናረጋግጣለን።»

ስለ ቦዩ አንድም ቃል የለም። ስለ ሣሩም የለም። ከሥሩ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ ዘመም ዘመም ያሉት ፊደሎቼ። ከእሱ ቀጥሎ የፋጤ ጣት።

እንግዳዋ ሴት «እናየዋለን» ብላ ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጫረች። መላኩ ወለሉን ያያል። እኔ የፈራሁት ግን ፋጤን ነበር። አልጮኸችም።

«ያኔ ጠይቄሽ ነበርኮ ዘሃራ» አለች።

ይኸው ብቻ። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ሄዳ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ልንወጣ ስንል ደግሞ ወረቀት ዞረ። «የተገኛችሁበት ነው» አለ መላኩ። አብሽሪ ማለቱን ትቷል። ፋጤ ከወዲያ ማዶ ጣቷን ጨብጣ ታየኛለች። ተቀበልኩትና ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩት። ገልብጬ ጀርባውን ሳይቀር አየሁት። የእንግዶቹ ሾፌር ሞተር አስነሣ፣ ጠበቀ፣ መልሶ አጠፋው።

ዛሬስ እውነትም «ተገኝታችኋል» ብቻ ነው የሚለው።

ቢሆንም ሳልፈርም እስክሪብቶውን መለስኩለት። ፋጤም ጣቷን አልሰጠችም።

ጥፋተኛው መላኩ ነው ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። እኔ ግን ከእንግዲህ ሰው ስላጨበጨበልኝ ማንበቤን አላቆምም።