የቀንድ አውጣዋ ጄሎ

አርዲስ ታላክሰን ዕድሜዋን ሙሉ በሚኒሶታዋ ከተማ በዱሉት ዳገት የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ፣ በረዶም ሆነ ባለጌ ልጅ አሸንፏት አያውቅም። ጡረታ ከወጣች በኋላ ግን በመስታወት ገንዳ የምታረባው የውሃ ቀንድ አውጣ አሸነፋት። ከሐይቁ የሚመጣው የከተማው ውሃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ውሃ ያደገ ቀንድ አውጣ ዛጎሉ ይሳሳል፣ ይቦረቦራል፣ ኋላም ይሞታል። አርዲስ ሁለት ቀብራ አልቅሳለች። በሁለተኛው ቀብር ላይ ሲስቅ የተያዘው ባሏ ላይል ለሳምንት ያነጋገረው የለም።

ሦስተኛዋን፣ ዶሪስን፣ ላለመቅበር ወገቧን ታጥቃ ተነሣች። የእንቁላል ቅርፊት ቀቀለች፣ አደረቀች፣ እንደ ዱቄት ፈጨች፤ ከቆስጣ ጋር ቀላቅላ በጄላቲን አረጋችው፤ ጄሎ የሚባለውን የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ መሰለ። ላይል የቁርሱን እንቁላል ቅርፊት ካላስረከበ ከወንበሩ አይነሣም ነበር። ዶሪስ በላች፤ ዛጎሏም ወፈረ፣ አንጸባረቀ።

የዓሣ አርቢዎች ማኅበር የቀንድ አውጣ ውድድር ደረሰ። እንደ ልማዱ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ሁሉም ከቤቱ ምግብ ይዞ ይመጣል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ዳኛዋ ፊት ከዛጎሉ ያልወጣ ቀንድ አውጣ አይሸለምም። ስለዚህ አርዲስ ዶሪስን አስርባ፣ ጄሎውን አስጭና መጣች። ላይል ግን ሳህኑን ከመኪና ሲያወርድ፣ አረንጓዴ የሚንቀጠቀጥ ነገር ያየ፣ ያለ ጄሎ ድግስ የማያውቅ የሚኒሶታ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ወስዶ ከምግቡ ጠረጴዛ ላይ፣ ከድንቹ ጎን አስቀመጠው።

አርዲስ ዶሪስን ከጠረጴዛው አጠገብ ባለው የውድድር ገንዳ ውስጥ ከትታ ስትደርስ ሳህኑ ተልሷል። የቀረችው አንዲት ማንኪያ ናት፤ እሷም ኦርቪል ስክራምስታድ እጅ ላይ። ኦርቪል ያለፉትን ውድድሮች ያሸነፈ፣ «የአርዲስ ቀንድ አውጣዎች ዛጎል ሳይሆን ሻሽ ነው የለበሱት» እያለ የሚያላግጥ ሰው ነው።

«ኦርቪል! እንዳትውጣት!»

«ምነው? ስኳር አነሰው እንጂ ይበላል። ደግሜ አነሣሁ እኮ።»

«የዶሪስ ምግብ ነው! የእንቁላል ቅርፊት ነው የምትበላው!»

«ለካ ለዚህ ነው የሚንኮሻኮሸው! እኔማ ያንቺ ሙያ መስሎኝ።»

«ስጠኝ በእግዜር! ዳኛዋ መጣች። ዶሪስ ይህን ካልሸተታት አትወጣም።»

ኦርቪል ማንኪያውን አየ። ዛጎሏ ውስጥ የተከተተችውን ዶሪስን አየ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋጣት።

የአርዲስ እንባ መጣ። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ጉርሻ! ኦርቪል ግን መዋጡ አልበቃው ብሎ ክዳን አልባው ገንዳ ላይ አጎነበሰና ዶሪስን «ደህና እደሪ እሜቴ» አላት። ይህን ሲል ከጢሙ አረንጓዴ ፍርፋሪ ውሃው ውስጥ ጠብ አለ።

ዶሪስ የዛጎሏን መክደኛ ከፈተች። ቀንዶቿ ወጡ፣ አንገቷ ተሳበ፣ ወደ ፍርፋሪው ገሰገሰች። ዳኛዋ መነጽሯን አስተካክላ ያን ወፍራም ዛጎል ዙሪያውን አየች፤ ራሷን በአድናቆት ነቀነቀችና መጻፍ ጀመረች። ኦርቪል ቀና ሊል ሲል አርዲስ ማጅራቱን ያዘችው።

«ቀና እንዳትል ኦርቪልዬ፤ ገና አልጠገበችም።»