የማይሞላ ባትሪ

ነገሌ በነበርኩባቸው ዓመታት ሥራዬ የመንግሥት መኪና ኤሌክትሪክ መጠገን ነበር። ከሁሉም አንጀቴን የሚያሳርረኝ ውሃ የሚጎትተው ትራክተር ነው። ዕድሜው ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። በቆላው ሙቀት ሞተሩ ስለሚግል ከእኔ በፊት የነበሩት ክዳኑን ፈተው ጥለውታል፤ ክላክሱ ሲጮህ የሰማ ሰው አላገኘሁም። የሚጮኸው ሌላ ነገር ነበር። ከበስተኋላው ያለው የውሃ ቦቴ መጎተቻ፣ ግሪስ ከከተማው ከጠፋ ስለቆየ፣ ሲሄድ እንደሚታረድ ፍየል ያለቅሳል።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ በአሬሮ መንገድ ዳር ያሉት ኩሬዎች ደርቀው ነበር። ጉልበት ያለው ከብቱን እየነዳ ወደ ሩቁ ጉድጓድ ሄዷል። በየመንደሩ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ አራሶችና ጥጆች የሚጠጡት ይኼ ትራክተር የሚያመጣውን ነው። ትራክተሩ ደግሞ ባትሪው አይሞላም። ናፍጣ የሚሰጠን ተመጥኖ ስለሆነ ሹፌሩ በየመንደሩ ሞተሩን ማጥፋት አለበት፤ ሲያስነሳው ባትሪው ይደክማል፣ ዲናሞው ደግሞ መልሶ አይሞላውም። አንዴ የመጨረሻው መንደር ሜዳ ላይ አልነሳም ብሎ አደረ። ትራክተር ገፍቶ ለማስነሳት ጎረምሳ ያስፈልጋል፤ ጎረምሶቹ ከከብቱ ጋር ናቸው።

አለቃችን ጠርቶኝ እስከ ቅዳሜ ካልተሠራ ወደ ሻሸመኔ ጋራዥ እንደሚልከው ነገረኝ። ሻሸመኔ የተላከ ትራክተር «ሄደ» አይባልም፣ «ቀረ» ነው የሚባለው። ሌላ ትራክተር ደግሞ አልነበረንም።

ዲናሞውን አወረድኩት። ካርቦኖቹ ደህና ናቸው፤ ቢሆንም ጠረግኳቸው። የሬጉሌተሩን ነጥቦች በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ከዲናሞው ላይ አምፖል አስሬ ሞተሩን ሳስነሳው አምፖሉ ቦግ አለ። ዲናሞውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ልኩን ጠብቋል። ጋራዡ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲሞላ ዋለ። በማግስቱ ወደ መንደሮቹ ሄዶ ሲመለስ ባትሪው ሞቶ ነበር። ሞተሩ አቧራና ቅባት ተለጥፎበት ስለሚመጣ እንደ ልማዳችን በቤንዚን አጠብነው፤ አሁንም መሙላት ጀመረ። ከተማ ውስጥ ጨዋ፣ ገጠር ሲወጣ ባለጌ የሚሆን ማሽን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ንዴቴን ሹፌሩ ላይ ተወጣሁት። ቤተሰቡ ሞያሌና ነገሌ መሃል ጨርቅ የሚነግድ፣ ጸጥ ያለ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። ባትሪው ላይ ሬዲዮ ቀጥለህ ነው እስከ ማለት ደረስኩ፣ «አንተ» እያልኩ። እሱ ግን አልተቆጣም።

«ነገ አብረን እንሂድ» አለኝ። «እየሰደብከኝ ከሄድን መንገዱም ያጥርልኛል።»

ማለዳ ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከአምፔር መለኪያው ሳልነቅል ወጣን። መርፌው መሙላቱን ያሳያል። የመጀመሪያው መንደር ሳንደርስ ገና የመጎተቻውን ልቅሶ ሰምተው፣ ሰዎቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ቆመዋል። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «አካም፣ ናጋ» እያለ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠ ወረደ። አንዲት አሮጊት የቅቤ ዕቃ ይዘው መጡና እፍኝ ሙሉ ቅቤ ወስደው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የራዲያተሩን ጫፍ ቀቡት። ቦረና የወደደውንና ያከበረውን ነገር ቅቤ ቀብቶ ይመርቃል። ትራክተሩ ውሃ ባመጣ ቁጥር እንዲህ እንደሚያደርጉለት ሹፌሩ ነገረኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሳይ ቆየሁ።

ከመንደሩ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ቅቤ ሲነጠር የሚሸት ነገር ሸተተኝ። ሹፌሩ ፀጉሩን ቅቤ ተቀብቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ቆይቶ መርፌው ወረደ። አቁም ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። ቅቤው በራዲያተሩ ግለት ቀልጦ ወደ ኋላ ይንቆረቆራል፤ ማራገቢያው እየመታ ቺንጋው ላይ ይረጨዋል። ቺንጋው ወዝቶ እየተንሸራተተ ዲናሞውን በወጉ አያዞረውም። እኛ ማታ ማታ የሞተር ዘይት ነው እያልን በቤንዚን ስናጥብ የኖርነው ምርቃት ነበር።

ሁለታችንም መንገድ ዳር ተቀምጠን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጨነቀኝ። አሮጊቷ ይህን ሁሉ ጊዜ በቅንነት ያደረጉት ነገር ትራክተሩን ሊያስወስድባቸው ነው። ማን ይንገራቸው? ሹፌሩ እሱ እንደማይሆን ቁርጡን ነገረኝ፤ እናቱን በሚያህሉ ሰው ምርቃት ላይ አፉን አያነሳም።

ቺንጋውን በጨርቅ ወልውለን መንደሮቹን እንደምንም አዳረስን። ስንመለስ አሮጊቷ ደጃፍ ቆምን። ነገሌ ገበያ ወተት ይሸጡ ስለነበር አማርኛ ይሰማሉ። ምርቃታቸው ለትራክተሩ እንደደረሰው፣ ቅቤው ግን እየቀለጠ ቺንጋው ላይ እንደሚወርድና ባትሪውን እንደሚያስርበው ላቤ እየወረደ አስረዳኋቸው። ጎንበስ ብለው የወዛውን ቺንጋ በጣታቸው ነኩት።

«እና ያስራብኩት እኔ ነኛ» አሉ።

ምነው ዝም ባልኩ ኖሮ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ቤት ገብተው በገል አመድ ይዘው ወጡና፣ ቅባት የሚያለቅቀው ይኼ ነው ብለው ሰጡኝ። ቺንጋውን በአመዱ ስፈትግ ከበላዬ ቆመው ሲያዩ ከቆዩ በኋላ ጠየቁኝ።

«ከብትም ቢሆን ሁሉ ቦታ አይቀባም። የት ነው እሱን የሚያመው?»

ወደ ኋላ ወስጄ መጎተቻውን አሳየኋቸው። ቅቤውን ሳይሰስቱ ጠቀጠቁበት፣ እንደ ቅድሙም መረቁት። ወደ ነገሌ ስንጓዝ ልቅሶው የለም፤ መርፌውም እስከ ከተማ ድረስ ከመሙያው አልወረደም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በሥራዬ የኮራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቅዳሜ አለቃችን ራሱ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ቢጫነው በአንዴ ተነሳለት፤ ሻሸመኔን ዳግም አላነሳም።

በሚቀጥለው ጉዞ ያለ ሥራዬ ተከትዬ ሄድኩ። የመጀመሪያው መንደር ስንደርስ ደጅ የወጣ ሰው የለም። ዘግይተው አሮጊቷ ብቅ አሉና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩን።

«ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ሌባ ነው» አሉኝ። «ውሃ እንዲህ አይመጣም።»

ሹፌሩ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። እጄን ሰድጄ ክላክሱን ተጫንኩት። እንዲያ ያለ ድምፅ ይወጣዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ አህዮቹ በረገጉ፣ ጥጆቹ ጭራቸውን ሰቅለው ፈረጠጡ፣ ከየቤቱ ጀሪካን የያዘ ሰው ወጣ። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። መጎተቻውን ቀብተው ሲጨርሱ መዳፋቸው ላይ የቀረውን ቅቤ እኔ አናት ላይ አበሱት። ፀሐዩ ቢያቃጥልም እስከ ነገሌ ባርኔጣዬን አላደረግኩም።