መቅመቆ ይዤ ወደ ዓኽርያ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ። ወልድያ መናኸሪያ ነኝ። የልጅ ልጄ ሸኘችኝ፤ «እማማ፣ ደግሞ መንገድ?» ትለኛለች። በጉያዬ የያዝኩት በጨርቅ የተጠቀለለ የመቅመቆ ሥር ነው፤ ቆዳ የማቀላበት። አስመራ ያለችው የድሮ ጎረቤቴ ለተብርሃን በሰው እንዲህ ብላ ልካብኛለች፦ «ልጄ ቀረ፤ ቦርሳው መጣ። ቀለሙ ጠፍቷል። እንደ ድሮው አድርጊልኝ።»

ያንን ቦርሳ ለልጇ ለተስፋዓለም፣ ለደብተሩ መያዣ የሰፋሁት፣ ያቀላሁትም እኔ ነኝ። ይዞት ከታጋዮቹ ጋር ለትግል ሜዳ ወጣ። የኔ ባል ያኔ እዚያው አስመራ የደርግን ጦር ጫማ ይሰፋ ነበር። ነፃነት ሲመጣ እኛ ሳንሰናበታት ወጣን። ዓይኗን እንዴት እንደማይ እንጃ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ዛላምበሳ። ድንበሩ ኬላ ላይ አንድ የኤርትራ ታጋይ ጥቅሌን ፈታው።

«አደይ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«መቅመቆ።»

«ቅቤ ሊያነጥሩበት? የኛን ቅቤ ንቀው ነው?»

ሾፌሩ ሳቀ። የማን ቦርሳ እንደሚቀላበት ስነግረው ግን ታጋዩ ጥቅሉን ራሱ መልሶ አሰረልኝ።

ከሰዓት፣ አስመራ፣ የድሮ ሰፈራችን ዓኽርያ። ከፌርማታው በእግሬ ሄድኩ። የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ድምፅ እንደ ድሮው ነው። ለተብርሃን በሯ ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል።

«ዘገየሽ፣» አለችኝ። አቅፋኝ ቆየች።

ሐሙስ። ሥሩን ወቅጬ በሸክላ ድስት ቀቀልኩት፤ ብረት ከነካው ይጠቁራል። ቦርሳው እንደ ደረቅ ቅጠል ሆኗል። እጀታው ብቻ የእጅ ወዝ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ያብረቀርቃል። ወዛም ቆዳ ቀለም አይቀበልም፤ አስቀድሞ በአመድ ውሃ ይታጠባል። ጨርቄን በአመድ ውሃው ነክሬ እጀታው ላይ ላሳርፍ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ወዙ የማን ነው?»

«የልጅሽ።»

«እወ። ታዲያ አጥበሽ የት ልትደፊብኝ ነው?»

ጨርቁን አስቀመጥኩ። ቀለሙ ድስቱ ውስጥ ቀልቶ ይጠብቀኛል። እሷ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እሱ ይይዝበት በነበረው ቦታ እጀታውን ጨበጠችው።

«ማንገቻው ተበጥሷል፣» አለች። «እሱን አዲስ አድርጊልኝ።»

አዲስ ቆዳ ቆረጥኩ። ያንን አቀላሁ።

እሑድ፣ ስመለስ ኬላው ላይ ያው ታጋይ አለ። እስከ አንጓዬ የቀላ እጄን አየ።

«አደይ፣ ቦርሳው ቀላ?»

«ማንገቻው ቀልቷል። ቦርሳው እንደመጣ አለ፤ ዛሬ ንጋት እናቱ አንግታው ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አይቻት መጣሁ።»