ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ክንድ

የጂዋን ቀኝ እጅ ሁለት ጣት ብቻ ነበረው። ሦስቱን የቆረጠው የገዛ ወንድሙ ልጅ ነው፤ እኔም ዱላ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ።

ጂዋን ለመሬት ጸሐፊው የመለኪያ ሰንሰለት ሲጎትት ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ማንበብ አይችልም፤ ቁጥር ግን አይስትም ነበር። በራቪ ወንዝ ዳርቻ መሬት የምንለካው በካራም ነው። በኛ በኩል አንድ ካራም ሦስት ክንድ ተኩል ነው። ማዶ ሦስት ክንድ ነው። ያኔ ይህን ልብ ያለ አልነበረም፤ ካራም ያው ካራም ይመስለን ነበር።

አንድ ክረምት ወንዙ መንገዱን ቀየረና የማዶዎቹን ሜዳ ወደኛ ዳርቻ አመጣው። የጂዋን ወንድም ከማዶው ሽማግሌ ከሰርዳራ ላይ፣ ዳርቻው ላይ ካለው ሺሻም ከሚባል ዛፍ ጀምሮ ሰማንያ አራት ካራም ገዛ። ውሉ የተጻፈው በማዶ ነው። ጂዋን በኛ ሰንሰለት ሰማንያ አራት ቆጥሮ ችካል ሲመታ፣ ችካሉ ሰርዳራ የዘራው ስንዴ መሃል ገባ። የሰርዳራ ልጅ ስንዴው ውስጥ ቆሞ አልወጣም አለ። በዱላ ጭንቅላቱን ፈጥፍጠን ገደልነው። በዘጠነኛው ቀን እነሱ የጂዋንን ወንድም ቦይ ዳር አግኝተው አንገቱን በመጥረቢያ መቱት።

በሦስተኛው ወር ጂዋን ለሥራ ማዶ ተሻገረ። እዚያ ካራም የሚለኩበትን ዘንግ በክንዱ ቢሞክረው ሦስት ብቻ ሆነ። ሰንሰለቱን ጠቅልሎ ተመለሰ። የማዶ ሰማንያ አራት የኛ ሰባ ሁለት ነው፤ በስተርጅና ማባዛት ስማር መጀመሪያ ያሰላሁት ይህንኑ ነው። አርባ ሁለት ክንድ ወስደንባቸው ነበር። ሁለት ሰው የሞተው ለዚያ ነው።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ጂዋን ሁለቱንም ወገን ዛፉ ሥር ጠራ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወሰኑ ካልታረመ መገዳደሉ አይቆምም አለ። ሰንሰለቱን የሚያምን ስለጠፋ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ከዛፉ ጀምሮ በክንዱ መለካት ጀመረ፤ የማዶው ሰማንያ አራት ካራም እስከሚሞላበት፣ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። ሰርዳራ አጎንብሶ እየተከተለ ይቆጥራል። ከኛ አንዱ፣ ጂዋን በሽበቱ መዳህ ጀመረ ብሎ አሳቀን።

ሳቁ መቶ ዘጠና ላይ ቆመ። የሟቹ ወንድሙ ልጅ መህንጋ መጥረቢያ ይዞ ፊቱ ተገተረ።

«ቻቻ፣ አጎቴ፣ ይነሱ። የወንድምዎ ደም ሳይደርቅ ለገዳዮቹ መሬት ይለካሉ?»

«አባትህን የገደለው የኔ ቆጠራ ነው። ዞር በል።»

«አንድ ክንድ ቢጨምሩ እጅዎን እቆርጠዋለሁ።»

ጂዋን ክንዱን ዘረጋ። መጥረቢያው ወረደ። ሦስቱ ጣቶች አፈሩ ላይ ቀሩ።

ዱላችንን አነሳን፤ እነሱም መጥረቢያቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ሰርዳራ ተንበረከከና የጂዋን ጣት ጫፍ የደረሰበት ላይ፣ ደሙ ውስጥ፣ የራሱን ጣት ተከለ።

«መቶ ዘጠና አንድ» አለ። «ቦታውን ይዤልሃለሁ። ቀኝ ክንድህ አጥሯል፤ በግራው ቀጥል።»

ጂዋን እጁን በጥምጥሙ አስሮ በግራው ቀጠለ። በየክንዱ የደም ምልክት ይተዋል። ዱላውን ያወረደ የለም፤ የሰነዘረም የለም። ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ሲሞላ የወሰኑን ድንጋይ ሁለቱ ሽማግሎች ብቻ ገፍተው ተከሉት።

መህንጋ አጎቱ እስኪሞት ድረስ አላናገረውም። ማረሻው ግን ከዚያ ድንጋይ አልፎ አያውቅም።