ድምፅ የምታሻክር ሳጥን

ሳጥኗ ቤታችን የገባችው በእናቴ ስፌት መኪና ሰበብ ነው። እናቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳችን ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። መኪናዋ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ነበረች፤ በእግር የሚረገጠው ነገር ተቃጥሎባት ሥራ ፈታ ተቀመጠች። ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ የምታመጣ አንዲት ሶማሌ ደንበኛ ነበረቻትና በእጇም በእግሯም እያሳየች "ብረት ሆኖ፣ ሽቦ የሚገባበት፣ በእግር የሚረገጥ" ብላ አዘዘቻት። ሴትዮዋም ቃሏን ጠበቀች። ብረት የሆነ፣ ሽቦ የሚገባበት፣ በእግር የሚረገጥ ነገር አመጣችላት። ከፈታሽ ለመሸሸግ ሩዝ ውስጥ ቀብራ ስላመጣችው ስንት ጊዜ ሙሉ ከውስጡ ሩዝ ሲረግፍ ከረመ። ከስፌት መኪናዋ ጋር ግን አልገጥም አለ። ሁለቱ ሴቶች ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በሶማልኛ ሲጨቃጨቁ ዋሉና መጨረሻ ላይ አብረው ሻይ ጠጥተው ተለያዩ። ሳጥኗም የጓሮውን በር ከንፋስ እንድትይዝ ተፈረደባት።

እኔ ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ የከፍተኛችን ኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነበርኩ። ካኪ ለብሰን፣ በበዓል ቀን አደባባይ ላይ ስለ አብዮቱ፣ ስለ ምርት ዘመቻው፣ ስለ እናት አገር የምንዘፍነው እኛ ነን። ዛሬ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ፍርሃቱን ብቻ ያወራል፤ ልክ ነው፣ ፍርሃት ነበር። ግን አቦ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ሰው ጊታር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በድሬዳዋ ዛፍ ሥር ሲሄድ፣ አበባው ቀይ ምንጣፍ ሆኖለት፣ ፍርሃቱን የሚያስታውሰው አልፎ አልፎ ነው። እኔማ ከደመወዜ ይልቅ የጊታሬ ክር መበጠስ ነበር የሚያስጨንቀኝ።

አባቴ በርሜል ቀጥቃጭ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለች ዳስ ውስጥ ባዶ የናፍጣ በርሜል እየሰነጠቀ፣ እያቃና ባልዲና ሳንዱቅ ይሠራል። ከባልደረባው ጋር ፊት ለፊት ቆመው በየተራ ነው የሚመቱት፤ አንዱ መዶሻውን ሲያነሳ ሌላው ያሳርፋል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲመታ ኖሮ ጆሮውን ብረቱ በላው። እናቴ ስትጠራው አይሰማም። አዛንም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ደወል አይሰማም። ሰውዬው ኩሩ ነው፤ "አልሰማሁም" ማለትን እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥረው የማይሰማውን ሁሉ በፈገግታ ነው የሚያልፈው።

ታዲያ የምጫወትበት ዝግጅት አንድም አያመልጠውም። በዚያ ሐሩር ጥቁር ኮቱን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሲያጨበጭብ ያጨበጭባል። ስንጨርስ ትከሻዬን መታ መታ ያደርግና "ጎበዝ" ይለኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ገና ከመጀመሪያው ዘፈን ጊታሬን ከአምፕሊፋየሩ የሚያገናኘው ሽቦ ተበጠሰ፤ ለማስመሰል ያህል ጣቴን ሳንቀሳቅስ፣ አንዲት ድምፅ ሳይወጣኝ ዝግጅቱ አለቀ። አባቴ መጣና ትከሻዬን መታ አድርጎ "ጎበዝ" አለኝ። ያን ዕለት ነው የገባኝ። ለካ ይህ ሁሉ ዓመት አንዲት ምት አልሰማኝም። ከዚያ ወዲያ በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ጆሮው ጨርሶ ሳይዘጋ አንዴ፣ አንዴ ብቻ አባቴ እንዲሰማኝ።

በዚሁ ሰሞን ነው በጓሮ በር ስወጣ ሳጥኗ አውራ ጣቴን የመታችኝ። እየተራገምኩ ብድግ አድርጌ ልወረውራት ስል ጎኗ ላይ ያለው ቀዳዳ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የጊታሬ ጃክ የሚገባበትን ቀዳዳ የትም ባየው አውቀዋለሁ። በወዲያኛው ጎኗም እንደዚያው ያለ አለ። እንዴ! ለስፌት መኪና እንዲህ ያለ ነገር ምን ይሠራለታል? የእግሬን ሕመም ረስቼ ወደ መጋላ ገበያ ሮጥኩ።

መጋላ አንድ ሬዲዮ ሠሪ ወዳጅ ነበረኝ፤ የሐረር ሰው ነው፤ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አደርኛ የሚናገር። እሱ የማያውቀው ዕቃ ድሬ ውስጥ የለም፤ የማያውቀውንም ያውቀዋል። በካቻቪቴ ከፈታት። ውስጧ ሁለት ትራንዚስተርና ጥቂት ጥቃቅን ፍሬዎች ብቻ ናቸው። ስም የለ፣ ቁጥር የለ፤ የነበረውንም አንድ ሰው ሆነ ብሎ በሞረድ ፍቆታል። ሬዲዮ ሠሪው ግን ምንም አልጨነቀውም። የመርከብ ሬዲዮ አካል ናት፣ ከጅቡቲ ስለመጣች ሌላ ልትሆን አትችልም፣ ወላሂ ብሎ ማለ። ባትሪ ሰጠናት፤ በአንድ ጎን ጊታሬን፣ በሌላው የሱን አምፕሊፋየር አገናኘንና በእግሬ ረገጥኳት። ጥርት ያለው ጊታሬ ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ ሆኖ አረፈው። ሬዲዮ ሠሪው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ተቃጥላለች አለ።

ከዚያማ ጥገና ጀመርን። ሥራ በፈታሁ ቁጥር ሱቁ እሄዳለሁ፤ እሱ የሰው ሬዲዮ ወደ ጎን ገፍቶ እሷን ይከፍታል። ትራንዚስተሯን ቀየረ፤ ጣሳዋ ብሶባት ቁጭ አለች። ሽቦዋን ቀየረ፤ አሁንም ዝንብ። ምን ልበላችሁ፣ በእኛ አገር ሬዲዮ ከሻከረ ታሟል፣ ይታከማል። ሰው አእምሮው ደህና ሆኖ፣ ደህናውን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያበላሽ መሣሪያ ይሠራል የሚል ሐሳብ በሁለታችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚያልፍ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካሴት ማጫወቻው የተበላሸበት ኩባዊ ወታደር ሱቁ ገባ። ያን ጊዜ ኩባዎች ከተማችን ውስጥ እንደ ጎረቤት ነበሩ። ሳጥኗን ስረግጣት ሲሰማ ቆም አለና ፊቱ በራ። ጊታሬን በምልክት ለመነኝ። ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳጥኗን ረግጦ አንድ ነገር ተጫወተ፤ ያ የምንረግመው ዝንብ እጁ ውስጥ ገብቶ ሲያለቅስ፣ ሲቆጣ፣ ሲለማመጥ ሰማነው። ሬዲዮ ሠሪው በእጁ ተቃጥላለች ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። ወታደሩ ጣቱን ወዲህ ወዲያ እያወዛወዘ ሳቀ፤ ሥራዋ ይኸው ነው ማለቱ ነው። ማን እንደሠራት ግን እሱም አላወቀም፤ ገልብጦ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም እስከ ዛሬ ስሟን አላውቅም። ወታደሩ ሲወጣ ወዳጄ ድሮውንም ጠርጥሮ እንደነበር ነገረኝና፣ ሲጠግን የነቀለባትን ሁሉ ከመሳቢያው እየለቀመ መልሶ ተከለላት።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ አባቴን ነበር የማስበው። አባቴ ጨርሶ ደንቆሮ አይደለም፤ ቀጭን ድምፅ ነው የማይሰማው። ወፍራሙን ይሰማል። ከባድ መኪና ሲያልፍ ዞር ይላል። ክረምት ላይ ከላይ ዘንቦ ደቻቱ ሲሞላ፣ ሁላችንም ምንም ሳንሰማ እሱ ነው ከመኝታው ተነስቶ "መጣ" የሚለው። ይቺ ሳጥን ጊታሬን እንዲህ ማጉረምረም ካስተማረችው፣ ዝንቡን ትተን ጎርፉን ብናወጣባትስ?

በማግስቱ ይህንኑ ለሬዲዮ ሠሪው ነገርኩት። አባቴን ያውቀዋል፤ የሱቁን ቆርቆሮ የሠራለት እሱ ነው። ወዲያው ክዳኗን ከፈተና አሳየኝ። ውስጧ ካፓሲተር የምትባል ፍሬ አለች፤ ድምፅን እየመረጠች የምታሳልፈው እሷ ናት። ትንሽ ከሆነች ቀጭኑን ብቻ ታሳልፋለች፤ ተለቅ ካለች ወፍራሙም ያልፋል። ከሞቱ የቫልቮላ ሬዲዮዎች ሆድ እየነቀለ አንዱን ይበይዳል፣ እኔ እረግጣለሁ፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ይነቅለዋል። አንዱ በጣም ትልቅ ሆኖ ክዳኗ አልዘጋ አለ፤ እሱን ሲገጥመው መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤቱ ሻይ ሻጭ የጭነት መኪና የገባ መስሎት ብቅ አለ። ክዳኗን በላስቲክ አሰርናት።

ሬዲዮ ሠሪው አባትህን ጥራውና እንሞክር አለኝ። እምቢ አልኩ። ብጠራውስ? ይመጣል፣ ይስቃል፣ ጎበዝ ይለኛል። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ በምን አውቃለሁ? አዝኖልኝ የሚዋሸኝን ሰው እንዴት ነው የምፈትነው?

የኪነቱ ኃላፊ ካድሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ልምምድ ላይ ሲሰማት ይህ የኢምፔሪያሊስት ጫጫታ ነው ብሎ ፊቱን አጠቆረ። እኔም እንደ ምንም ብዬ፣ ጓድ ይህማ የፋብሪካ ድምፅ ነው፣ ሞተር ሲዞር ለማሳየት ነው አልኩት። ዓይኑ ፈካ። ስለ ወዝአደሩ በምንዘፍነው ዘፈን መሐል እንዲገባ፣ እንዲያውም ድምፁ ከፍ እንዲል አዘዘ። ጓደኞቼ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሰዓት እላፊ ስላለ ዝግጅታችን ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐዩ ገና አልበረደም። አባቴ በጥቁር ኮቱ፣ እናቴ በነጠላዋ ፊት ተቀምጠዋል፤ ወንበራቸው ከሞንታርቦው ፊት ለፊት እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የወዝአደሩ ዘፈን ደረሰ። ላቤ በጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል። ሴቷ ዘፋኝ ግጥሟን ስትጨርስ ነበር የኔ ተራ፤ ልቤ ቀደመኝና ረገጥኳት። ሞንታርቦው አጓራ። ልጆች ጮኹ፤ ካድሬው እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ የማየው አባቴን ብቻ ነው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ትክ ብሎ ያየኛል። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ፤ እሱም አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ በመሐላችን ሆና ስለ ሙቀቱ ታወራ ነበር። አባቴ ትከሻዬን አልነካም፤ ጎበዝም አላለኝም። አለቀ አልኩ በልቤ፤ አሁን መዋሸቱም ደከመው። ጥግ ላይ ስንደርስ አባቴ ቆመ። መስማት የተሳነው ሰው ድምፁን አይመጥንምና መንገደኛውን ሁሉ እያሰማ ተናገረ።

"መሐል ላይ ቸኮልክ።"

ጊታሬን ከአንገቴ አወረድኩ።

"ሴትዮዋ አፏን ሳትዘጋ ገባህባት። እንዲህ ነው ያደረግኸው" አለና በአፍንጫው ያንጎራጉር ጀመር። ቅኝቱ ሌላ ነው፣ ምቱ ግን የኔ ነው። የቸኮልኩበት ቦታ ላይ ሲደርስ እሱም ልክ እንደኔ ቸኮለ።

መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ የተከፋሁ መሰላትና ወረደችበት፤ ልጁ ላቡን ጠብ አድርጎ ውሎ እንዲህ ይባላል ወይ እያለች እስከ ቤታችን ደጃፍ ተቆጣችው። እሱ አንዱንም አልሰማትም። እኔም ዓይኔን በካኪው እጅጌ እየጠረግኩ "አዎ አባባ፣ ቸኩያለሁ" አልኩት። እሱንም አልሰማኝም።