ውሃ የሚወርድባት ልብስ ሰፊ

ክረምት ከገባ፣ አንድ ተራ ቀን ይህችን ሴት ምን ያስከፍላታል? መጀመሪያ ወገቧን። ጠዋት እግሯን ከአልጋ ስታወርድ ወለሉ ላይ የተኛው ውሃ ይቀበላታል፤ በባልዲ እየቀዳች ስትደፋ ረፋድ ይሆናል። ቀጥሎ ደንበኛ። "ልብሱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል" ብሎ ያኮረፈ ሰው ዳግም ደጇን አይረግጥም። ከዚያ ጉልበቷን፤ የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው እርጥብ ካልሲ አጥልቃ ነውና። ከሁሉም የሚብሰው ግን ምራቋ ነው። የከተማዋ ሊቀመንበር መኪና በደጇ ባለፈ ቁጥር እንትፍ ልትለው ትፈልግና ትውጠዋለች።

ሰፈርተኛው "መርፌ" ይላታል። ለሙያዋ ብቻ አይደለም፤ አፏም ይወጋል።

የምትኖርባት ትንሽ ከተማ ከትልቁ ከተማ ጫፍ የተለጠፈች ናት። ድሮ ጡብ ይሠራባት ነበር። የላይኛው ሰፈር ኮረብታው ላይ ነው፤ የታችኛው ደግሞ ለጡብ የሚሆን አፈር ሲዛቅበት የኖረው ጉድጓድ ውስጥ። ምድጃዎቹ ሲዘጉ ሠራተኞቹ መሄጃ ስላልነበራቸው እዚያው በቆፈሩት ጉድጓድ ጎጇቸውን ቀለሱ። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ የታወቀ ነውና፣ የኮረብታውን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ከኮረብታው ሥር እስከ ወንዙ ድረስ በእጃቸው አወጡ። የመርፌ አባት ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ ደግሞ ለቆፋሪዎቹ የሚጠጣ ያመላልስ ነበር። ያ ልጅ ነው ዛሬ ሊቀመንበር የሆነው።

ኋላ ኮረብታው ተሸጠ፤ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች በቀሉበት። ከተማዋም የራሷ ምክር ቤት ተሰጣት። ሰባት ወንበር ነው፤ አምስቱ ለላይ፣ ሁለቱ ለታች። ሰውየው ሊቀመንበር ሲሆን ኮረብታው ላይ ቤት ሠራና ለላይኞቹ መንገድ ማስፊያ ብሎ ቦዩን አስደፈነው። "በምትኩ ቱቦ ይቀበራል" ተባለ። ሦስት ክረምት አለፈ፤ ቱቦ ያየ የለም። የታችኞቹ ሁለት ተወካዮች በየስብሰባው ይጮኻሉ፤ አምስት ለሁለት ነው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሊቀመንበሩን የሚመርጠው ግን ነዋሪው ሁሉ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰው ደግሞ በቁጥር ቢበልጥም "ምን ሊለወጥ!" እያለ በምርጫ ቀን ቤቱ ይቀመጣል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዘንድሮ ምርጫው ሲቃረብ የሊቀመንበሩ ሹፌር ሱፍ ልብስ ይዞ ከች አለ።

"እትዬ፣ ለቅስቀሳው የሚለብሱት ነው። ወገቡ ትንሽ ይስፋልኝ ብለዋል።"

መርፌ ሱሪውን ዘርግታ አየችው። "ትንሽ? ያን ሁሉ ቱቦ ውጦ?"

ሹፌሩ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። "እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እትዬ።"

ወገቡን አሰፋችለት፤ በሙያዋ አትቀልድም። አመሻሹ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር እንደ ልማዷ የደንበኛውን ልብስ ሁሉ ጣራው ሥር የተወጠረው ገመድ ላይ ሰቀለች። የሙሽራ ቀሚሱን ሰቀለች፣ የተማሪ ዩኒፎርሙን ሰቀለች። ሱፉን ግን አጣጥፋ ወለሉ ላይ አኖረችው። ከዚያ ተኛች። እንደዚያ የጣፈጠ እንቅልፍ ከተኛች ስንት ዘመኗ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ። የጨቀየውን ሱፍ አይቶ በሩ ደፍ ላይ ተገተረ።

"ልብሴን ምን አደረግሽው?"

"እኔ ምን አደረግሁት? ከሰፈርህ የወረደ ውሃ ነው። የጌታውን ጠረን ልብሱ ላይ ቢያሸት ጊዜ አልፎ መሄድ አቅቶት ይሆናል።"

"አንቺ ሴት፣ አብረን አይደል ያደግነው!"

"እሱማ ነው የሚያንገበግበኝ። አባቴ ሲቆፍር እያየህ አድገህ ደፈንከው። ግባ እንጂ፣ ምነው በር ላይ? ጫማህ እንዳይርስ ነው?"

ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በርሽ ላይ ግንብ አሠራልሻለሁ። አንቺ ብቻ ዝም በይ።"

ከጎኗ ባለው ቤት ገና ዐርባዋ ያልሞላ አራስ አለች። ግንብ ቢሠራ ውሃው የሚዞረው ወደ እሷ ነው።

"ውሃውን ሕፃኑ አልጋ ሥር ልልከው ነው? አልፈልግም።"

"ታዲያ ምን ይሁንልሽ?"

"ከወንበርህ ውረድ።"

"ማን ሊያወርደኝ? አንቺ?" ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ነው ጉድ የሠራው። የዚያኑ ቀን መርፌ በጭቃ ቦቲዋ ኮረብታውን ወጥታ ለሊቀመንበርነት እወዳደራለሁ ብላ ተመዘገበች። ቦዩ እንዲከፈት ትፈልጋለች፤ ቢከፈት ግን አንጀቷ አይርስም። ወንበሩን ሲለቅ በዓይኗ ማየት አለባት። ጎረቤቶቿ "ቂም አይበጅም፣ ለላይኛው ስጪው" ሲሏት፣ "ሰጥቼው ነበር። ሦስት ክረምት ጠበቅሁት" ትላለች።

ይህን ለሚያነብ ሁሉ አንድ ነገር እንዲነገርላት ትለምናለች፦ "እሁድ ከቤታችሁ ውጡና ምረጡ። አዝናችሁልኝ ግን አይሁን፤ ሐዘኔታ ቦይ አይከፍትም። ተናዳችሁ ምረጡኝ። ማታ ውጤቱ ሲነበብ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ምክር ቤቱ አዳራሽ ድረስ ኑልኝ። ሲወርድ ብቻዬን ማየት አልፈልግም።"